በሦስት ቋንቋ የሞትክ ዕለት

ለቀድሞው ወዳጄ፣

እንደምን አለህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ለወጉ ያህል ይጽፈዋል። እኔ ግን ከልቤ ነው የምጠይቅህ፤ ምክንያቱም ባለፈው ወር ሞተህ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት። የድሬ ሙቀት እንደምታውቀው ነው፣ አልተሻሻለም። እናትህ እማማ ዘርፈሽም ጤነኛ ናት፤ ይህን ደብዳቤ የያዘውን ካርቶን ያሸገችው ራሷ ናት። ከላይ ያለው ካዚሚር ነው፤ መንገድ ላይ ስለሚበስል ቶሎ ብላው።

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ብደውል መሃል ላይ ትገባለህ። መሃል ላይ ስትገባ እንጣላለን፣ ከተጣላን ደግሞ ዋናውን ነገር ሳልነግርህ ስልኩን እዘጋዋለሁ። እንተዋወቅ የለ? ወረቀት ላይ ግን ጣልቃ መግባት አትችልም። ቁጭ ብለህ አሟሟትህን አንብብ።

አንተ አዲስ አበባ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቀጠረኝ ብለህ በባቡር ስትሄድ የእድሩ ድረ ገጽ እኔ ላይ ቀረ። ያለ እሱ አንድ ዓመት አይቆይም ያሉ ነበሩ፤ አንተም ሳታስበው አልቀረህም። ይኸው አለ። ሰው ሲያርፍ ስሙ ይመረጣል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ለአባላቱ ሁሉ መልእክት ይደርሳል። ከኛ ሰፈር ከከዚራው እድር ሌላ ዛሬ የሳቢያን ሰፈሩም ከኛ ጋር ነው። ባለፈው ወር ደግሞ የመጋላ ሰፈሮቹ መጡ። ሽማግሌያቸው አቶ አብዱላሂ ቢሮዬ ድረስ መጥተው፣ ወላሂ ሥራሽን ወደነዋል፣ ግን መርዶ በአማርኛ ብቻ አይሆንም፣ በኦሮምኛም በሶማልኛም ይምጣልን አሉኝ። ደስ ብሎኝ እሺ አልኩና ስልክ ቁጥራቸውን መዘገብኩ። መዘዙ የተመዘዘው ከዚህ ነው።

የድረ ገጹን ቅንብር እንዴት ትተኸው እንደሄድክ ታስታውሳለህ? ሦስት ፋይል። አንዱ ለላፕቶፓችን፣ አንዱ ለሙከራው ሰርቨር፣ አንዱ ሕዝቡ ለሚጠቀምበት ለዋናው። ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ከላይ እስከ ታች ተገልብጦ ተጽፏል፤ የሚለያዩት በጥቂት መስመር ብቻ ነው። ያኔ ምን ነበር ያልኩህ? አንድ የመሠረት ክላስ እንጻፍ፣ የጋራ የሆነውን ሁሉ እሱ ይያዝልን፣ ሦስቱ ከሱ ይውረሱ፣ እያንዳንዱ ልጅ የሚለይበትን ብቻ ይናገር አልኩህ። አንተ ደግሞ የሚሠራ ነገር አይነካም፣ ኮፒ ማድረግ ምን ነውር አለው አልከኝ። በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተኳረፍን! ልትሄድ ሰሞን የመልእክት መላኪያው የይለፍ ቁልፍ ተቀየረ። ዋናውን ፋይል አስተካከልክና እሱኑ እንዳለ አንስተህ ሙከራው ላይ ገለበጥከው። «መልእክት ይላክ፦ አዎ» የምትለውም መስመር አብራ ተገለበጠች። የአባላቱን ስልክ ቁጥርም ሙከራው ከዋናው መዝገብ እንዲያነብ ሆኖ ቀረ። የሙከራውን ሰርቨር ካንተ ወዲህ ከፍቼው ስለማላውቅ ነገሩ ተዳፍኖ ኖሯል። ታዲያ እስከዛሬ ፋይሎቼን ለምን አልቀየርሽልኝም ትል ይሆናል። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሦስቱን ቋንቋ ጽፌ ስጨርስ ልፈትሸው ብዬ ሙከራውን ከፈትኩ። ለመፈተሽ ሰው መግደል ግድ ነው፤ ድረ ገጹ ደግሞ ከተመዘገበ አባል በቀር አይቀበልም፣ «እገሌ» ብትለው አሻፈረኝ ይላል። ማንን ልግደል? ጋሽ ኃይለየሱስን እንዳልል የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው፣ ልባቸውንም ያማቸዋል። ጎረቤታችንን ሀዎን እንዳልል ጠዋት ፊቷን እንዴት አየዋለሁ? ኮድ ብጽፍም የእናቴ ልጅ ነኝ፣ ሟርት እፈራለሁ። እንዲህ እያልኩ ስወርድ ስምህ ላይ ደረስኩ። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ከዛሬ ጀምሮ ለኔ ሞተሃል ብዬህ አልነበር? ቃሌን ጠበቅኩ። ተጫንኩት። ስክሪኑ «ተልኳል» አለ፤ ሙከራ ስለሆነ ለይስሙላ ነው ብዬ ላፕቶፔን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንግዲህ ስታስበው ራስህን የገደልከው ራስህ ነህ። እኔ ስምህን ብቻ ነው ያዋጣሁት።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። እንደ ወትሮዋ የት ቆየሽ ብላ አልተቆጣችኝም። ስልኬ ካርድ የለውም፣ ያንቺን ስጪኝ ብላ ተቀበለችኝና አልመለሰችውም። ሩዝ በሥጋ አቀረበችልኝ። ጠገብኩ ስላት ታጎርሰኛለች፣ በቃኝ ስላት ለነገ ጉልበት ይሆንሻል ትለኛለች። ሀዎ መጣች፤ በሩ ላይ ተንሾካሾኩና እኔን ስታይ ፊቷን አዞረች። ምን ሆናችኋል ብላቸው ሙቀቱ ነው አሉኝ። መልእክቱ ለካ ለሁለቱም ደርሷቸዋል፤ እኔ ያኔ የእድሩ አባል ስላልሆንኩ አልደረሰኝም። መርዶ ደግሞ በማታ አይነገርም፤ ባለቤቱ ይብላ፣ ይተኛ፣ ማለዳ በሽማግሌ ይነገረዋል። እናቴ ያን ሁሉ ሰዓት የኔን ሐዘን ለብቻዋ ይዛልኝ ነው ያመሸችው። አሁን ሳስበው አንጀቴን ትበላኛለች።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ኃይለየሱስ ኮታቸውን ለብሰው፣ አቶ አብዱላሂ ከመጋላ ድረስ በሽርጣቸው መጥተው፣ ሀዎ ከኋላቸው። ገብተው ተቀመጡ። ጋሽ ኃይለየሱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጄ ሰው ሆኖ የማይሞት የለም፣ ሁላችንም ተራ ጠባቂ ነን አሉ። አቶ አብዱላሂ ሁላችንም የአላህ ነን፣ ወደሱም ተመላሽ ነን አሉ። እኔ እንቅልፌ ገና አልለቀቀኝም፤ የማን መርዶ ይዘው መጡብኝ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። ከዚያ ስምህን ጠሩ።

እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። ጮኽኩ። ሌላ ነገር እንዳይመስልህ፤ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው ምንም ቢነግሩት ይጮኻል። ሀዎ ወገቤን ይዛኝ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ጩኸቱ እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ ይላሉ። ሰው ሲያወራ ይጨምርበታል።

ትንፋሼ ሲመለስ የት፣ መቼ፣ ማን አያችሁ አልኳቸው። አዋሽ ላይ መኪና ተገልብጦ ነው አለች ሀዎ፤ ማን እንደነገራት እንኳ አታውቅም፤ ሌሊቱን ሰፈሩ ሲጨማምርበት አድሯል። አቶ አብዱላሂ ግን እርግጠኛ ነበሩ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስልካችን ገባ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማልኛም፣ ትርጉሙ እንኳ አንድ ስህተት የለውም አሉኝ። በሦስት ቋንቋ ሲሉ እንባዬ ባለበት ቆመ። አልሞተም፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ብድግ አልኩ። እናቴ ይሄኔ ልጄን አሳበዱብኝ ብላ እሷ ጩኸቱን አቀለጠችው። ጋሽ ኃይለየሱስም ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ ያዟት፣ ውሃ አምጡላት እያሉ ነው።

የምሽቀዳደምበት ምክንያት ነበረኝ። ከኛ ቤት ቀጥለው የሚሄዱት እናትህ ጋ ነበር። እሷ የስልክ መልእክት ስለማታነብ እስከዚያ ሰዓት አልሰማችም፤ አዲሱን ቁጥርህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ስለሆነች ደውሎ የሚያጣራ አልነበረም። እኔን ያስቀደሙኝ እናትህን ደግፌ እንድይዝላቸው ነው። ደም ብዛት አለባት፣ ካንቺ በቀር የሚያጽናናት የላትም አሉኝ። ይህን ማን እንዳላቸው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ቤት ብቅ የምለው ለጨዋታ ያህል ነው።

ከኛ ቤት እናንተ ቤት በባጃጅ መሄድ የሚያሳፍር አጭር መንገድ ነው፤ እኔ ግን ከእጃቸው አምልጬ ባጃጅ ያዝኩ። አንዱ እግሬ ላይ የራሴ ጫማ፣ አንዱ ላይ የእናቴ። ስደርስ የእድሩ ድንኳን የተጫነበት መኪና ከግቢያችሁ ጥግ ቆሟል። ሴቶቹ ከዛፎቹ ሥር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰብስበዋል፤ ወደ እናንተ በር የሚያይ አንድም የለም። የግቢው በር ተከፈተና እናትህ ወጣች። ለቀስተኞቹን በመስኮት አይታ የጎረቤት ሐዘን መስሏት ኖሯል። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። እኔን ስታይ፣ ነይ ልጄ አብረን እንሂድ፣ የማን ቤት ነው አለችኝ።

  እጇን ይዤ፣ እማማ ልጅሽ ደህና ነው፣ አሁኑኑ ደውዪለት ብቻ አልኳት።

እንግዲህ ያን ዕለት በማለዳ የደወለችልህ ለዚህ ነው። ምነው እማ ስትላት፣ ምንም፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው፣ በል ትንሽ አውራልኝ አለችህ። አንተም እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅህ ስለ ታክሲ ሰልፍ አወራህላት። ድምፁን ከፍ አድርጋው ነበር። መንገድ ሙሉ ለቀስተኛ ጸጥ ብሎ የአዲስ አበባን የታክሲ ሰልፍ አዳመጠ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታለቅሳለች። ስትዘጋው ደግሞ እልልታው ቀለጠ፤ ሴቶቹም የሆነውን ሁሉ ነገሯት። እናትህ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና ወደኔ ዞረች። በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሲነግሯት ጮኸች አሉኝ፣ እውነት ነው? አለችኝ። ሰው ያጋንናል አልኳት። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችው።

በዚያው እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ለቅሶው በደስታ ቢያልቅም ቁጣው አላለቀም። ዲሪዬ የሚባለው ጎማ ጠጋኙ ተነስቶ፣ አቦ ተዉን፣ ጥሩምባ ስንት ዘመን ሲነፋ ያልሞተ ሰው ጠርቶ ያውቃል? አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። የመጋላዎቹም እናስብበት ብለው ነበር። ከዚራ ከተወኝ ሳቢያን እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ የደከምኩበት ሥራ በሙሉ ያቺ አዳራሽ ውስጥ በአንድ እጅ ማውጣት ሊያልቅ ነው። ተነስቼ እስከሚቀጥለው እሑድ ታገሡኝ አልኳቸው። የፋይሉን አቀማመጥ ያበላሸው እሱ ነው ማለት እችል ነበር። ስምህን አላነሳሁም፤ የሞተ ሰው አይወቀስም።

ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ያንን ያኔ የከለከልከኝን ነው የጻፍኩት። አንድ ክላስ ከፈትኩና «መሠረት» አልኩት። የሁሉም የጋራ የሆነውን ሁሉ እሱ ያዘ፤ ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር መሆኑን፣ ሦስቱን ቋንቋ፣ የአባላቱ መረጃ የሚቀመጥበትን አሠራር። መልእክት ይላክ ወይ ለሚለው ግን መልሱ «አይላክ» ነው። መሠረቱ ዝምተኛ ነው። ከሱ ሦስት ልጆች ወጡ። ላፕቶፑ የራሱን ሁለት መስመር ይናገርና ሌላውን ከመሠረቱ ይወስዳል። ሙከራው ስለ መልእክት ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ የአባቱን ዝምታ ይወርሳል። «ይላክ» ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ዋናው ብቻ ነው። ሰርቨሩ የትኛው እንደሆነ ሳይነገረው ቢነሳ እንኳ ዝምተኛውን ይይዛል። ከዋናው ሥር ደግሞ እድሮቹ ተወለዱ። የመጋላው ቀብሩ በዕለቱ ስለሆነ መልእክቱ ወዲያው ይውጣ ይላል። የከዚራው ደግሞ ሽማግሌ የቅርብ ቤተሰብ ዘንድ ሳይደርስ መልእክቱ እንዳይወጣ ይላል። ሌላውን አይደግሙትም፣ ይወርሱታል። ቁልፍ ሲቀየር አሁን የምነካው አንድ ቦታ ነው። ፋይሉን ሥራ ሳይኖረኝ እንኳ ከፍቼ አየዋለሁ፤ ያምራል።

በቀጠሮዬ እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀኝ። ልጅ የራሱን ካልተናገረ የአባቱ ቃል ይቆጠርለታል፣ ከእንግዲህ አባትየውን ዝምተኛ አድርጌዋለሁ ብዬ አስረዳኋቸው። አቶ አብዱላሂ እንዲህ ያለ አባት ለሁላችንም ይስጠን ብለው አዳራሹን አሳቁት። ከዚያ ስልካችሁን ድምፁን ከፍታችሁ ጠረጴዛው ላይ ደርድሩልኝ አልኳቸው። የሙከራውን ገጽ ከፈትኩና ማን ሞተ ልበል ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም በአንድ አፍ ወግጂ አሉኝ! ዲሪዬ ብቻ፣ ወሪያ፣ የለመደው ሰው አለ አይደል፣ እሱን ድገሚው አለ። እናትህ ከሴቶቹ መሃል ብድግ ብላ፣ ልጄን አንዴ ይበቃዋል አለች።

እኔም በዚያ ሰሞን አባል ሆኜ ስለነበር የራሴን ስም መረጥኩ። እናቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ተጫንኩት።

አንድም ስልክ ድምፅ አላሰማም። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠረጴዛውን ያያል፤ ውጭ የሚያልፍ ባጃጅ ይሰማል፣ ከዚያ በቀር ምንም የለም። ትንሽ አቆየኋቸው። አዎ፣ ሆን ብዬ ነው ያቆየኋቸው። ከዚያ ወደ ዋናው ገባሁና «የዛሬው የእድራችን ስብሰባ በሰላም ተጠናቋል» የሚል ጻፍኩ፤ በሦስቱም ቋንቋ። ስልኮቹ ባንድ ጊዜ ጮኹ፤ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጡ አንዳንዶቹ መሬት ወደቁ። ይቀጥል ብሎ እጁን መጀመሪያ ያወጣው ማን ይመስልሃል? ዲሪዬ። የመጋላዎቹም እዚያው ተስማሙ። ጋሽ ኃይለየሱስ ግንባሬን ሳሙኝ። ኮራሁ ወዳጄ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም፤ ብታየኝ ደግሞ ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ።

የድሮ ፋይሎችህን ከማጥፋቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መስመር በመስመር አነበብኳቸው። ሦስቱም ላይ ሰርቨሩ ሲወድቅ ማስጠንቀቂያው ለማን ይድረስ የሚል ቦታ አለ። የተጻፈው ያንተ ኢሜይል ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የኛ ሰርቨር ቢወድቅ እንኳ ራሱ ይነሳል እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ራሱን የሚያስነሳ ሰርቨር አልሠራንም። ማን እየገባ እንደሚያስነሳው የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ከፍቼ አሁን አየሁ፤ ያስነሳህበት አንዱ ቀን የገና ዕለት ነው።

በደንቡ ከሆነ የሰርቨሩን ቁልፍ ካንተ መውሰድ ነበረብኝ። ሥራ በዝቶብኛል። ያቺን መስመር አላጠፋኋትም። ሦስት ቦታ ተገልብጣ መኖሯን ግን ስላልወደድኩት መሠረቱ ላይ አንድ ጊዜ ጻፍኳት፤ ልጆቹ ሁሉ ከዚያ ይወርሷታል።

ሌላው ወሬ፣ ድንኳኑ እስካሁን እናንተ ግቢ ነው። ጋሽ ኃይለየሱስ ለለቅሶ የወጣ ድንኳን ሳይተከል ከተመለሰ ጥሩ አይደለም፣ ለሌላ ነገር ይተከል ብለው ትተውት ሄዱ፤ እድሩ ሌላ ድንኳን አለው። ለምን ነገር ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እናትህ አቧራውን ታራግፍለታለች።

እንግዲህ ደህና ሁን። ክፉ አይንካህ፣ በሄድክበት ሰው አይጣህ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ እኔም በበኩሌ የምችለውን አድርጌአለሁ። እናቴ ሰላም በይልኝ ብላሃለች፤ ከሞት ተነስቶ ሰው ሳይጠይቅ የሚቀር ካንተ በቀር አላየሁም ትላለች።

ወዳጅህ፣
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ